ቀይ ጨርቅ የታሰረበትን አትንቀል

ውድ ባለቤቴ፣

ግንበኛህ ዛሬ ጠዋት መጥቶ ነበር። ሜትሩን ዘርግቶ ከበሩ እስከ ኩሽናው ግድግዳ ሲለካ አንድ እግሩን የጎመን ችግኜ ላይ አሳርፎ ቆመ። «እትዬ፣ እኔ ምን ላድርግ? አባወራው ናቸው ግቢውን በሙሉ ሊሾ አድርገው ያሉኝ» አለኝ። «አባወራው ሲመጣ ራሱ ያስለካህ» ብዬ ሸኘሁት። ደውሎ ሳይከሰኝ በፊት ነው የምጽፍልህ። እኔ ብደውልማ «መንገድ ላይ ነኝ፣ አይሰማኝም» ትለኛለህ።

የከባድ መኪናውን መሪ አስረክበህ በሚቀጥለው ወር ጠቅልለህ እንደምትመጣ ስትነግረኝ ደስ ብሎኛል፤ ይህን እንዳትጠራጠር። ሴት ስንት ዓመት ሙሉ ባሏን በር ላይ ቆማ ትሸኛለች? «ጭቃው አንገፍግፎኛል፣ ግቢው ይጽዳ» ስትል ግን ደስታዬ ሳይሞላ ቀረ። ካንተ አፍ ማጽዳት የሚባል ነገር ስሰማ ቆሽቴ ያርራል። ለምን እንደሆነ አታውቅም። ልንገርህ።

አትክልት መትከል የጀመርኩበት የመጀመሪያው ዓመት በጋ ትዝ ይልሃል? ከሱቅ የገዛሁትን የሰላጣ ዘር ፀሐይ ጨረሰው። ጣሳ ይዤ ስንከራተት ጎረቤቱ ሁሉ «ልብስ ሰፊ እና አፈር ምን አገናኛቸው?» እያለ ሳቀብኝ። ከዚያ ሁሉ ጥቂት እግር ብቻ ተረፈ። አልቀጠፍኳቸውም። ያንን ፀሐይ የቻለ ዘር በገንዘብ አይገኝምና እንዲረዝሙ፣ እንዲያብቡ፣ ዘር እንዲይዙ ተውኳቸው። ዘሩን አራግፌ የልብስ ቁልፍ በማስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኩት። በሚቀጥለው ወቅት ስዘራው ሰላጣው በቀትር እንኳ አንገቱን አልደፋም። አንተም በልተኸዋል። «ከየት ገዛሽው?» አልከኝ። ከየት ገዛሽው!

ከእነዚያ ውስጥ ደግሞ ምርጥ ምርጦቹን ለዘር አስቀረሁ። ማንም እንዳይነካቸው ከስፌት መኪናዬ ሥር የወደቀ ቀይ ቁራጭ ጨርቅ እየቀደድኩ አሰርኩባቸው። ዘር የያዘ ሰላጣ መልክ የለውም፤ እንጨት እንጨት ይላል፣ ቅጠሉም ይጠወልጋል። በዚያ መሐል አንተ ለሦስት ቀን መጣህ። ለደንበኛ ልብስ አድርሼ ስመለስ ግቢው ተጠርጓል። «ይኸው አጸዳሁልሽ! ያረጀውን ሁሉ ነቃቅዬ ጣልኩት። ይሄን ሁሉ ቡትቶ ደግሞ ነፋስ ነው ያመጣው?» አልከኝ። በቀዩ ጨርቅ የመኪናህን መስታወት እየወለወልክ ነበር።

እኔስ ምን አልኩህ? «እጅህ ይባረክ» አልኩህ። ከዚያ ኩሽና ገብቼ፣ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። እናትህ «ንገሪው እንጂ!» ብለው ሲቆጡ «ተዉት እማማ፣ ደክሞት ነው የመጣው» አልኳቸው። ዝም አይነቅዝም እያልኩ ዋጥኩት። ደግሞስ የሦስት ቀን እንግዳ ላይ ማን ይጮኻል? እንግዳ ፊት ወርቅ፣ ኋላ ብር፣ ሲሰነብት ጨርቅ ነው ይባላል። አንተ እኮ ብር እንኳ ሳትሆን ነው የምትሄደው። ስትመጣ የተሰነጠቀውን ብርጭቆ እደብቃለሁ፣ ጥሩውን አንሶላ አነጥፋለሁ፣ ያናደደኝን ሁሉ እንዳልነበረ አደርጋለሁ። ስትሄድ ብስጭቴን የምትሰማኝ የስፌት መኪናዬ ናት።

ዘንድሮ ቆርቆሮው ውስጥ ተጣብቃ የቀረች እፍኝ የማትሞላ ዘር ይዤ እንደ አዲስ ጀመርኩ። አሁን ሰላጣዎቹ ግቢው መሐል አበባቸውን ይዘው ቆመዋል፣ ጨርቃቸውንም አስሬላቸዋለሁ። ዘሩ ሳይደርቅ ሲሚንቶ ከፈሰሰባቸው ሌላ የለኝም። ቆርቆሮው ውስጥ የቀረው ቁልፍ ብቻ ነው።

ግንበኛው ከወጣ በኋላ እናትህን «ልጅዎ በዚህ አፈር ምን ቂም ቢይዝበት ነው?» አልኳቸው። ከተቀመጡበት ንቅንቅ ሳይሉ «ልጄ ነቃይ ሆኖ አልተወለደም፤ ዝም በማለትሽ አንቺ ነሽ ያስነቀልሽው» አሉኝ። ደሜ ፈላ። ለልጃቸው ቢያደሉ ምን ይገርማል ብዬ ወጣሁ። የተረገጠውን ጎመን መልሼ ስተክል ግን ነገሩ አልለቀኝ አለ። እውነታቸውን ነው፤ ከጥፋቱ ግን ግማሹን ብቻ ነው የምቀበለው፣ ግማሹ ያንተ ነው። ዝም አይነቅዝም ያለው ሰውዬም ዘር ጠብቆ አያውቅም።

እንግዲህ ስማኝ። እግርህን ጭቃ እንዳይነካው ሊሾው ከበሩ እስከ ደረጃው ይበቃሃል። ከዚያ ወዲያ ያለው አፈር፣ አፈር ሆኖ ይኖራል። ማጽዳት ካማረህ ጣራው ላይ የተከመረ ቅጠል አለልህ። ቀይ ጨርቅ የታሰረበትን ግን ቢያረጅም፣ ቢያስጠላህም እንዳትነካው።

በመጣህበት ቀን ጥሩውን አንሶላ አነጥፍልሃለሁ፤ ለመጨረሻ ጊዜ ነው። በማግስቱ ውሃህን በተሰነጠቀው ብርጭቆ ትጠጣለህ፣ ስትሳሳትም እጮኽብሃለሁ። አንተም ጩኽብኝ። ወርቅነቱ ሰልችቶኛል። ናና ጨርቅ እስክትሆን ሰንብትልኝ።

እስከ ዛሬ ተቆጥታህ የማታውቀው
ሚስትህ