ባሕሩን እንዳትደፋው

ካፒቴን፣

ስትገባ በሩን ቀስ አድርገህ ክፈት። አሸዋው ኮሪደሩ ድረስ መጥቷል።

እህቴ ቤት ሄጃለሁ። እንዳታኮርፍ፤ ከዕረፍቱ ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው። ለዕረፍት ደሴቱ ላይ ሄደን እንዳንጣላ መጀመሪያ ሳሎን ውስጥ እንለማመድ ያልከው አንተ፣ እሺ ያልኩት ጅል እኔ። ከምትሠራበት ግንባታ አሸዋ ተሸክመህ ስትመጣ በሩን ከፈትኩልህ። የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ መሀል አስቀምጠህ "ይሄ ባሕር ነው" ስትለኝም ውኃ ሞላሁበት። ግን ትናንት ወጥ ቤት ልገባ ስል ቀይ ፎጣ እያውለበለብክ "ማዕበል ተነሥቷል፣ ተመለስ!" ትለኛለህ? ድስቱ እኮ እያረረ ነበር!

"ካንተ ጋር እንኳን ደሴት ድረስ፣ እታች ሱቅ ድረስም አልሄድ" ያልኩህ ያኔ ነው። በንዴት ከአፌ አምልጦኝ ነው።

ሌላው ደግሞ፣ አከራያችን እትዬ ስለ አሸዋው ሊቆጡን ጠዋት መጥተው ነበር። "እስቲ ልየው" ብለው ጫማቸውን አወለቁና አሸዋው ላይ በተከልከው ዣንጥላ ሥር፣ የኔ ፍራሽ ላይ ጋደም አሉ። እስካሁን አልተነሡም። ጭማቂ ሲሉህ ቶሎ አቅርብ፤ እኔን ቅድም "አስተናጋጅ!" ብለው በጭብጨባ ጠርተውኛል።

ባሕሩን እንዳትደፋው፤ ካልሲዬን ዘፍዝፌበታለሁ።

ስንጨቃጨቅበት የከረምነውን የመስኮቱን ጎን ለቅቄልሃለሁ። ፍራሽህንም እዚያ አንጥፌዋለሁ።

አውሮፕላኑ ላይ ግን መስኮቱ የኔ ነው።