ጭስ ስለማይወጣበት ቤታችን ለንጽሕና ሹማችን የቀረበ ምስጋና

መቀሌ፣ ሰኔ ፲፱፻፴፬ ዓ.ም.

ለክቡር የከተማችን የንጽሕና ሹም፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተ ሰብዎን ጤና፣ ይልቁንም የዓይንዎን ጤና እጠይቃለሁ፤ ጭስ ዓይን ያጠፋል ብለው በገበያ ቀን ቆመው ካስተማሩን ወዲህ ስለ ዓይንዎ ሳላስብ የዋልኩበት ቀን የለም። እኔ ከወሎ መጥቼ በዚህ ከተማ ጨርቅ የምነግድ፣ ጀይሉ አብዱሰመድ የምባል ሰው ነኝ። ይህን በአደባባይ የምጽፈው ምስጋናዬን ለብቻዎ ቢሰሙት ያንስብዎታል ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ እሳቱ አመሰግናለሁ። እርስዎ ሳይሾሙ ሰፈራችን እሳት የሚጫጫር ሰፈር ነበር። ጠዋት እሳቷ የጠፋባት ሴት የሸክላ ገል ይዛ ጎረቤት ትሄዳለች፤ ፍሟን ጭራ፣ እግረ መንገዷንም ማን እንዳመመው፣ ማን ከመኝታው እንዳልተነሣ አይታ ትመለሳለች። ባለቤቴ ሁሪያ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ከጎረቤታችን ከአደይ ታበቱ ጋር ያንዷን ቤት ሥጋ ሌላይቱ ሳትቀምስ፣ አንዷ እስላም አንዷ ክርስቲያን ሆነው፣ ስንት ዓመት በአንድ እሳት አበሰሉ። እርስዎ ግን የአንድ ሰው የገለባ ክምር ቢቃጠል ጊዜ ፍም ከቤት ወደ ቤት እንዳይሻገር ከለከሉ፤ ሰው ራሱን ይቻል፣ ከሰው ደጅ አይቁም ብለውም መከሩን። እኛም በጥቂት ማደርንና የሰው እጅ አለማየትን የምንወድ ነንና ምክርዎ ጣፈጠን። ጣሊያን ጥሎት ከሄደው ዕቃ አንድ የላምባ ምድጃ ገዛሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጸጥታው አመሰግናለሁ። ከምድጃው ጋር፣ እጀታው ሲዞር በርበሬውንም ቡናውንም የሚፈጭ የብረት መፍጫ ለሁሪያ አመጣሁላትና ሙቀጫዋ አረፈ። ድሮ የሁሪያ ዘነዘና ካልተሰማ ጎረቤቱ ሁሉ ምን ሆና ነው ይል ነበር። እርስዎም ቤታችንን ሲጎበኙ የጓዳውን ግድግዳ በነጭ መሐረብ ጠርገው፣ መሐረቡ እንደነጣ ስለወጣ በሰፈሩ ሰው ፊት አሞገሱን። ሁሪያ ያን ቀን ታበቱ ቀረችብኝ ብላ አኩርፋ ዋለች።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ እምቢ እያለኝ ነው። ግንቦት ላይ ለንግድ ወደ ቆቦ ወረድኩ። ክቡርነትዎ ምናልባት አልሰሙ እንደሆነ፣ በእኛ ሰፈር ጠዋት ጭስ ያልወጣበት ቤት ይጠየቃል፤ ደውል አያሻውም፣ ዘበኛም አያሻውም። ሁሪያን ትኩሳት ጣላት። ጭስ አልወጣም፤ ምድጃው ከገባ ወዲህ ግን መቼ ወጥቶ ያውቃል? ሙቀጫም አልተሰማም፤ መቼስ ይሰማል? አደይ ታበቱ በደጃችን በኩል ውኃ ልትቀዳ እየተመላለሰች፣ እነ ሁሪያ ራሳቸውን ችለዋል ብላ ታልፍ ነበር። ይህንንም የነገረችኝ “ዋይ አነ፣ ዋይ አነ፣ ደኅና ናት ብዬ እኮ ነው” እያለች፣ ፊቷን እየነጨች ነው።

እኔ ስመለስ የምድጃው ላምባ አልቆ ደርቋል። ሁሪያ ከበሩ ሥር ወድቃለች፤ በእጇ ገሉን ይዛለች። ክልከላዎን ጥሳ ፍም ልትጭር ተነሥታ ነበርና፣ ከደጃፉ ሳታልፍ በመቅረቷ ሕግዎ እንዳልተደፈረ በአክብሮት አረጋግጥልዎታለሁ። ስንት ቀን ብቻዋን እንደተኛች፣ ማንን እንደተጣራች የሚነግረኝ የለም። ልቤ ተሰብሯል፤ ይህን በጨዋ ቃል መጻፊያ አላገኘሁለትም።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይላሉ። እርስዎ ደግሞ የቅርቡን ጎረቤት እንደ ሩቅ ዘመድ አደረጉልንና ሁለቱንም እኩል አስተካከሉልን፤ ይህም ቀላል ሥራ አይደለምና ሊመሰገኑ ይገባል። ምድጃውንና መፍጫውን አጥቤ በጽሕፈት ቤትዎ ደጅ አስቀምጫቸዋለሁ። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው፤ ራሱን መቻል ለሚፈልግ ሌላ ቤት ይስጡልኝ።

የክቡርነትዎ ጓዳ እንደ እኔ ጓዳ የጠራና ጸጥ ያለ እንዳይሆን ጠዋት ማታ ዱዓ የማደርግልዎ፣ ዝቅ ብዬም እጅ የምነሣ፣ በመሐረብዎ የተመሰከረለት የቤት ጌታ፣

ጀይሉ አብዱሰመድ

ሳልጽፈው የቀረ፦ ዛሬ ጠዋት በሁሪያ ገል ከአደይ ታበቱ ቤት ፍም ጭሬ መጥቻለሁ። ዘበኛ ሊልኩብኝ ካሰቡ ቤቱ አይጠፋውም፤ የሚጨሰው ነው።