የሳጥኑ የክርስትና ስም

የካቲት 3፣ ሰኞ፣ ጠዋት

ሌላ የሳጥን ቦርድ በይጄ ጨረስኩ። ወረንጦ በቀኝ እጅ፣ ትንፋሽ ታፍኖ። ቺፗ ከምስር ክክ ታንሳለች። ቅዳሜ አንዷ ላይ አስነጥሼ እስካሁን ወለሉን እየዳበስኩ ነው። ሳቅ ደብተሬ፣ ሳቅ።

ኢ/ር ሙሉነህ ገባ። አለቃዬ። የቀሩት ቺፖች ጉምሩክ ተይዘዋል አለ። አንጠብቅም፣ የቀሩትን ሳጥኖች ያለ ቺፕ ጨርሺ። የምስጢር ቁልፉ ተራ ሜሞሪ ላይ ይቀመጥ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት አለኝ።

እምቢ አልኩ። ሳቀ። የቀለድኩ መስሎት ነው።

ነገሩን ለማታውቀው ለአንተ ልንገርህ፦ ሳጥኖቹ ሮብ ገበያ የምትባል የገጠር ከተማ አጠገብ የመስኖ ቦይ አፍ ላይ ይተከላሉ። የውኃ ተራ የሚያከፋፍለው ሽማግሌ፣ የውኃ አባት፣ በስልኩ ያዝዛል፣ ተራው የደረሰው ገበሬ ቦይ ይከፈታል፣ የሌላው ይዘጋል። ትእዛዙ የእውነት ከእሱ መምጣቱን ሳጥኑ የሚለየው በምስጢር ቁልፍ ነው። ቁልፉ ቺፗ ውስጥ ከሆነ ማንም አያወጣውም፣ እኔም ጭምር። ተራ ሜሞሪ ላይ ከሆነ ግን አንዱን ሳጥን የፈታ ሰው የሁሉንም ቦይ ያዘ ማለት ነው። አምና እዚያው ወንድማማቾች በውኃ ተራ በዱላ ተፈነካክተዋል። እና እኔ ነኝ ቀልደኛዋ?

የካቲት 5፣ ረቡዕ

አሳየሁት። እሱ እንዳለው ያለ ቺፕ ከተገጣጠሙት አንዱን ሳጥን ፈታሁ፣ ሽቦ ቀጠልኩ፣ ከምሳ በፊት ቁልፉ ላፕቶፔ ላይ ነበር። ከወንበሬ ሳልነሣ ማዶ ጠረጴዛ ላይ ያለውን የሌላ ሳጥን መዝጊያ ከፈትኩለት። ደስ ሲል!

እሱ ምንም አልመሰለውም። የትኛው ገበሬ ነው ላፕቶፕ ተሸክሞ ቦይ የሚወርድ አለኝ። የገበሬው ልጅ ነዋ! ይሄ ማርቆስ ከተማ በማን ልጅ ነው የተሞላው? እኔስ የማን ልጅ ነኝ? ሰው አታምኚም አለ። ሰው አምናለሁ። የማላምነው አንድ ቁልፍ ነው።

ማክሰኞ ለገበሬዎቹ ርክክብ ነው። የፍተሻው ወረቀት ላይ የምፈርመው እኔ ነኝ። ሁሉም ደኅና ነው ብዬ።

የካቲት 6፣ ሐሙስ፣ ሮብ ገበያ

ቺፕ ያላቸውን ሳጥኖች ልተክል መጣሁ። ሚኒባስ ውስጥ አንዱን ጭኔ ላይ አቅፌ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ሬዲዮ ነው ወይ አሉኝ። ብርዱ አይጣል ነው።

የውኃ አባት አያ ደምሴ ናቸው። ቀጭን፣ ነገር የማያመልጣቸው። ቺፗን በጣታቸው ጠቁመው ይቺ ደግሞ ምን ትሠራለች አሉ። ሴኪዩሪቲ ምናምን ብዬ ጀመርኩ። የከበቡን ገበሬዎች ጫማዬን ያያሉ። ከዚያ ከአፌ አመለጠኝ። ሳጥኑ ሁለት ስም አለው አልኩ። አንዱ ሁሉም የሚጠራው። ሁለተኛው ልክ እንደ ክርስትና ስም ነው፣ ለማንም አይናገረውም፣ እዚች ውስጥ ደብቆ ይይዘዋል።

ወዲያው ገባቸው። እኛ አገር የክርስትና ስሙን ለአላፊ አግዳሚ የሚናገር የለም፣ መተተኛ ከሰማው አለቀለት። አያ ደምሴ የቀሩትስ ሳጥኖች ብለው ጠየቁ። እውነቱን ነገርኳቸው፦ ቺፕ የላቸውም፣ የሁሉም የምስጢር ስም አንድ ነው፣ ፈትቶ ያየ ያነበዋል።

«እንዲያ ከሆነማ አንዱ ላይ የደገመ ሁሉም ላይ ደገመ በያ!» አሉ።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ጉድ ፈላ። አያ ደምሴ ደወሉ። ገበያው ሁሉ አንድ ወሬ ነው፦ ከማርቆስ የመጣች ልጅ ለሳጥን ክርስትና አነሣች! ሴቶቹ በአርባ ቀኑ ነው በሰማንያ፣ ወንድ ነው ሴት እየተባባሉ ይስቃሉ። የደብሩ ቄስ ጥላሁን ግን አልሳቁም። ሳጥኖቹ ይነቀሉ ብለዋል።

ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስኩ። ከዚያ ኢ/ር ሙሉነህ ደወለና ንዴቴ ተመለሰ። ቺፕሽ ያመጣው ጣጣ ነው፣ ያለ ቺፕ ቢሆን ማን ይናገር ነበር አለኝ። ደስ ብሎታል ሰውዬው!

የካቲት 9፣ እሑድ፣ ሮብ ገበያ

ቅዳሴ እስኪያልቅ ቄስ ጥላሁንን ጠበቅኋቸው። መስቀል ተሳልሜ ቆምኩ። አወረዱብኝ። ልጅነት በመንፈስ ቅዱስ ነው እንጂ በብየዳ አይደለም አሉ። እውነታቸውን ነው። ለቃሉ ይቅርታ ጠየቅሁ። ለቺፗ ግን አልጠየቅሁም፣ ይህንንም ፊት ለፊት ነገርኳቸው። የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት በተለያየ ሰው እጅ ባለ በተለያየ ቁልፍ ነው የሚዘጋው፣ ለምን በአንድ ቁልፍ አይሆንም ብዬ ጠየቅሁ።

የዕቃ ቤቱን በር ዞር ብለው አዩና፣ ሳጥኑ ይቆይ፣ ስሙ ይቅር አሉ። ስሰናበት መስቀሉን ግንባሬ ላይ ጠበቅ አድርገው አሳረፉት። አመመኝም፣ ደስም አለኝ።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ፣ ቦዩ ዳር

ኢ/ር ሙሉነህ ያለ ቺፕ ያስጨረሳቸውን ሳጥኖች ጭኖ መጣ። ሁሉም አንድ ናቸው ብሎ ለተሰበሰበው ሰው ተናገረ። ወረቀቱን ከነእስክሪብቶው ሰጠኝ። ሰው ሁሉ እኔን ያያል።

እስክሪብቶውን መለስኩለት። ላፕቶፔን አወጣሁ። ቺፕ የሌላቸውን ሳጥኖች ሳሩ ላይ አስቀምጬ አንዱን ፈታሁ፣ ከእሱ ባወጣሁት ቁልፍ የሌላውን መዝጊያ በሁሉም ፊት ከፈትኩ። ማጉረምረም። ከዚያ ቺፕ ወዳላቸው፣ ወደተተከሉት ዞርኩ። ሞከርኩ፣ ሞከርኩ። አልከፈት አሉኝ። ተሸንፌ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አያ ደምሴ ፈረዱ። የተተከሉት ይቆዩ፣ ሌሎቹ ይመለሱ፣ የቀረውን ቦይ እስከዚያው እንደ ድሮው በእጃችን እንዘጋለን አሉ። ኢ/ር ሙሉነህ ሳጥኖቹን መልሶ ጫነ። ወርክሾፑ ሁለተኛ እንዳትደርሺ አለኝ። መኪናው እኔን ጥሎ ሄደ።

ሚኒባስ እየጠበቅሁ ነው። ለእናቴ ምን እንደምላት አላውቅም። ቺፖቹ ከጉምሩክ ሲወጡ ማን እንደሚበይዳቸውም አላውቅም። ፈርቻለሁ፣ ለአንተ ዋሽቼ ምን ሊረባኝ።

ግን አልፈረምኩም።