ሪባኑ እስኪቆረጥ እጄን የት ልታጠብ?

ይድረስ፦ እጅግ ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን የበላይ ኃላፊ

ከራስ ፀጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ ጤና ይስጥልኝ። እኛ ዘንድ ሲመጡ ግን ማንንም ባይጨብጡ ይመረጣል።

ስሜ ከግርጌ የሰፈረው እኔ በጥድ አምባ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ስሆን፣ ውድ ጊዜዎን ስለምሻማ አስቀድሜ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

1ኛ. ለማዋለጃ ክፍላችን ነጭ መታጠቢያ ገንዳ ከነቧንቧው ስላስተከሉልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ሆኖም ክቡራን እንግዶች መጥተው እስኪመርቁት ድረስ በቀይ ሪባን ታስሮ፣ ውሃው ተዘግቶ፣ ሳሙናውም በወረዳው ቢሮዎ ቁም ሣጥን ተቆልፎበት፣ ይኸው ክረምቱ አልፎ በጋው ገባ። እንግዶቹን አንዴ የጋሸና መንገድ፣ አንዴ ስብሰባ ይይዛቸዋል፤ ምጥ ግን፣ ከይቅርታ ጋር፣ ቀጠሮ አያውቅም።

2ኛ. ከገንዳው በላይ ስላስለጠፉልን «እጅዎን በሳሙናና በውሃ ይታጠቡ» የሚል ባለቀለም ሥዕልም እናመሰግናለን። ባልታጠብም በየቀኑ አነበዋለሁ።

3ኛ. ባለፈው ማክሰኞ ለጉብኝት ስላከበሩን እናመሰግናለን። የዚያን ዕለት ዓለምእሸት የምትባል ወላድ የመጀመሪያ ልጇን ታምጥ ነበር። እዚህ አገር ወላድ ውሃዋን ይዛ ነው የምትመጣው፤ ባሏ ታፈረ ከገደሉ ሥር ካለው ምንጭ አንድ ጀሪካን ሙሉ በጀርባው ተሸክሞላት ወጥቷል። እንግዳ እጁን ሳይታጠብ ገበታ አይቀርብምና፣ ምሳ ሲደርስ ሰዎችዎ ያንን ውሃ አንሥተው እርስዎንና ተከታዮችዎን አስታጠቡበት። ታፈረም እንግዳ አክባሪ ባላገር ነውና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። እርስዎ እስከ ክርንዎ ታጠቡ፣ እኔ ባልታጠበ እጄ ላይ ጓንት አጠለቅሁ፤ ጓንቱም በማዋለዱ መሃል ተቀደደ፣ ሌላ አልነበረም።

ልጁ በሰላም ተወልዷል። እናቱ ግን ትኩሳቱ አልለቅ ብሏት ትንቀጠቀጣለች፤ ልጇን ማጥባት እንኳ አቅቷታል። ወደ ሆስፒታል እንዳልልካት አምቡላንሱ እንግዶቹን ሊቀበል ጋሸና ሄዷል አሉኝ።

እግዚኦ! ክቡር ሆይ፣ ይህ ትኩሳት በእጄ ገብቶባት ሊሆን እንደሚችል እኔ አውቃለሁ፤ የተማርኩት ይህንኑ ነው። ነገ ደግሞ ሌላዋ ትመጣለች፤ በየትኛው እጄ ልቀበላት? እባክዎ፣ በእናትዎ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሳይሆንብን አምቡላንሱን ይመልሱልን፣ ውሃውንም ይክፈቱልን። እንግዶቹ የመጡ ዕለት የነጠላዬን ጥለት ቀድጄ ሌላ ሪባን አስርላቸዋለሁ።

ለንጹሕ እጅዎ ካለኝ የላቀ አክብሮት ጋር፣ ከሩቅ ሆኜ እጅ እየነሣሁ፣

እየሩስ ገብረ ሊባኖስ
አዋላጅ ነርስ

ማስታወሻ፦ ታፈረ፣ ለመኪናዎ ውሃ መያዣ ይሆናል ተብሎ አብሮዎት የሄደው ጀሪካን እንዲመለስለት በትሕትና ይጠይቃል። እግዜር አይበለውና ዓለምእሸት ካረፈች ውሃ መቅጃ ያስፈልገዋል። በአገራችን ሬሳ ሳይታጠብ አይገነዝም፤ ለእሱ ደግሞ ምረቃ አይጠበቅም።