በዳምጠው ልክ የተሠራው ወንበር

ሰኞ፣ መጋቢት 8። ከቀኑ 11 ሰ.

የመጨረሻውን ቱቦ በየድኩ። ዓይኔ አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁረኛል። በቃ፣ የብረት ቀፎው አለቀ፤ መኪናዋ ብትገለበጥም ጋቢናው አይጨፈለቅም። ዳምጠው በመዶሻ መታ መታ አደረገው፣ ድምፁን አዳመጠ፣ ራሱን ነቀነቀ። ከእሱ ይህም ትልቅ ምስጋና ነው።

ቀጥሎ ወንበሩ። ከላሜራ የሠራሁት። ስፖንጁን በዳምጠው ጀርባና ጎን ልክ ቆረጥኩ። ሲቀመጥበት በጎኑ መዳፌን ላስገባ ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ። እንዲህ ነው መሆን ያለበት። በዚያ ፍጥነት ሰው ወንበሩ ውስጥ ከተንገላታ ጭንቅላቱን የሚፈልጠው የኔው ቱቦ ነው።

ከፋሲካ በኋላ አፋር ወርደን ጨው ሜዳው ላይ ፍጥነቷን እናስለካለን። ይህችን አሮጌ የጭነት መኪና ለውድድር ስናዘጋጅ ዓመት አለፈን። እሱ ይነዳል፣ እኔ እበይዳለሁ። ዊንጌት አካባቢ ልጆች ሆነንም እንዲሁ ነበርን፤ እሱ አጥር ላይ ይወጣል፣ እኔ ከታች ቆሜ እጨነቃለሁ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 17

ብርድ። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ የጋራዡን ቆርቆሮ ሲያንኳኳ ዋለ። ዳምጠው ወንበሩ ላይ ወጣ። መዳፌ ገባች። ሁዳዴ ጨረሰህ እንዴ አልኩት፣ ለቀልድ። አልሳቀም። እኔ ጴንጤው በሰው ጾም ምን አገባኝ? አፈርኩ። ስፖንጅ ጨመርኩ። ሁለተኛ ጾሙን አላነሳበትም፤ ደብተሬ፣ አንተ ምስክር።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 3

እንደገና ስፖንጅ። ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳብኩት። ትከሻው አጥንት ብቻ። በቀፎው መካከል ሾልኮ ሲገባ መሃል ላይ ቆሞ አረፈ። እንዳላየ ሆንኩ።

ማታ ሚስቱን ሙሉን ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋት። ባልሽ ከሳ ልላት ስል ቀደመችኝ፣ በኩራት። ዘንድሮ ጾሙን አጥብቆታል፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አይቀምስም፣ ከዚያም ጋራዥ ከአንተ ጋር ይበላል አለችኝ። ከእኔ ጋር? እኔን እኮ ቤቴ እበላለሁ ብሎኝ ነው የሚሄደው። ታክሲው መጣ፣ ገባች። እውነቱን ለመናገር ታክሲው ባይመጣም አፌን አልከፍትም ነበር። በጾመኛ ላይ ማሳበቅ መሰለኝ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 13

ትናንት ፋሲካ። እንደየዓመቱ እነ ዳምጠው ቤት ተጠራሁ። ቤቱ ሞልቷል። ዳምጠው ሰውን ሁሉ ያጎርሳል፣ እሱ አይበላም። ጠቅልዬ አጎረስኩት። ዋጠ፣ ፈገግ አለ፣ ወጣ። ተከተልኩት። አጥሩ ሥር ያስመልሰዋል። ደም አለበት።

ነገሩ ጾም አይደለም፤ እዚያው አጥሩ ሥር ነገረኝ። ሆስፒታል የሄደው ሁዳዴ ሳይገባ ነው። ጨጓራው ላይ ዕጢ። ሳትዘገይ ኦፕራሲዮን አድርግ ብለውታል። እሱ ከውድድሩ በኋላ ይላል፤ አንዴ አልጋ ከያዘ መሪ የሚያስጨብጠው እንደሌለ ያውቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማም? ሙሉ እንዳትሰማ ማልልኝ አለኝ። በእኛ ቤ/ክ አይማልም፤ ቃሌን ሰጠሁት። "አንተ ወንበሩን አጥብቅልኝ፣ ሌላው የኔ ጉዳይ ነው።" ይህን ብሎ አፉን ጠርጎ ወደ እንግዶቹ ተመለሰ።

ሌሊቱን እንቅልፍ የለም። ተናድጃለሁ። በእሱ ይሁን በራሴ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 15። ከቀኑ 10 ሰ.

መጣ። ተቀመጠ። ዛሬ የገባው መዳፌ አይደለም፣ ጡጫዬ ነው። ስፖንጅ ጨምር አለኝ።

መጨመር እችላለሁ። ሥራዬ ነው። እስካሁንስ ሌላ ምን ሠራሁ? እሱ ባለቀ ቁጥር ሞላሁለት። ቀበቶው ሲጠብቅለት ደህና ሰው ይመስላል። እንዲመስል ያደረግኩት እኔ ነኝ። ነገ እጨርሰዋለሁ ብዬ ሸኘሁት።

ሲሄድ ግራይንደሩን አነሳሁ። ወንበሩን ከነእግሩ ከወለሉ ቆርጬ አወጣሁት። መጀመሪያ ልኩን ከወሰድኩ ወዲህ የጨመርኩትን ስፖንጅ ሁሉ ነቀልኩ፣ የመጀመሪያው ብቻ ቀረ። ትከሻው ምን ያህል ሰፊ ነበር። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ቃሌን አላፈርስም፣ አልነግራትም። ነገ ጠዋት ግን ወንበሩን ተሸክሜ ቤታቸው እሄዳለሁ። ሳሎን መሃል አስቀምጬ ዳምጠውን ተቀመጥ እለዋለሁ፣ ሙሉ እያየች። ከዚያ እጅሽን በጎኑ አስገቢ እላታለሁ።

ከዚያ ወዲያ ባያናግረኝም ይኑርልኝ።