የድልድያችንን ታሪክ በድልድያችን በር ላይ ለሚቸነክሩት ክቡር ኃላፊ

ለተከበሩ ሚስተር ጁሊያን ፕሪዌት
የፈጣን መንገድ ማረፊያዎች ድርጅት የቅርስና የደንበኞች ደስታ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ጤና፣ እንዲሁም ከለንደን እስከ እኛ ድረስ መኪና ውስጥ ታጥፎ ለመጣው ወገብዎ ጤና ያለኝን መልካም ምኞት በአክብሮት እገልጻለሁ። የሃርስክሊፍ ማረፊያ የተከፈተበትን ስልሳኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ባለፈው ሳምንት በዝናብ አቁመው ያስጎበኙንን የታሪክ ሰሌዳ ከመላው የመንደራችን ሰው ጋር ተመልክቼዋለሁ። ታሪካችንን ሌላ ሰው ሲነግረን የመጀመሪያ ጊዜያችን በመሆኑ እጅግ ተደስተናል፤ አብዛኛውን አናውቀውም ነበር።

እኔ ኢኒድ ሆልሮይድ እባላለሁ፤ የመንደሩ አዳራሽ ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። እርስዎ «ሰፊውና ዘመናዊው የመኪና ማቆሚያችን» የሚሉት ቦታ የአባቴ የድንች ማሳ ነበር። ስለዚህ የሚከተሉትን ጥቃቅን ነጥቦች ባነሳ እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ።

አንደኛ፤ ሰሌዳው «ድርጅታችን ከመምጣቱ በፊት በዚህ ስፍራ ምንም አልነበረም» ይላል። ክቡርነትዎን ላለማስቀየም ያህል፣ ይህ «ምንም» የሚባለው ነገር ሁለት ረድፍ ቤት፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ትንሽ የጸሎት ቤት፣ አንድ ሱቅና አንድ መጠጥ ቤት ነበረው። የፈጣን መንገዱ ቀያሾች የመጡ ቀን አባቴ አካፋውን ተደግፎ «እዚህ ጋ ሰው እንደሚኖር የነገራችሁ አለ?» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ ዋናው መሐንዲስ ባርኔጣውን አውልቆ «በጣም ይቅርታ ጌታዬ፤ ካርታው ላይ ትንሽ ናችሁ» አለው። አባቴ እስኪሞት ድረስ ይህን ሰው ጨዋ እያለ ያነሳው ነበር፤ መሬቱን ሲወስድ ይቅርታ ጠይቆታልና።

መንገዱ መንደሩን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ አለፈ። የጸሎት ቤቱ ፈረሰ፤ ቤተ ክርስቲያኑና ትምህርት ቤቱ በምሥራቅ፣ መጠጥ ቤቱና ሱቁ በምዕራብ ቀሩ። ኃጢአቱ በአንድ በኩል፣ ንስሐው በሌላ በኩል ሆነብን። ያገናኘን ከመንገዱ በላይ የተሠራው ድልድይና በላዩ የተከፈተው ምግብ ቤት ነው። መሐንዲሱ «ይህ እንደ መንገዳችሁ ነው፤ ሁልጊዜም ትሻገሩበታላችሁ» ብሎ በአባቴ ፊት ተናግሯል፤ እኛም ተሻገርን። የገበያ ዘንቢል ይዘን በጠረጴዛዎቹ መካከል አለፍን፤ ሙሽሮችን አሳለፍን። ሬሳ ተሸክመን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስናልፍ የማያውቁን መንገደኞች ሹካቸውን አስቀምጠው ይቆሙልን ነበር፤ አንዱ ሹፌር ጉንጩ ውስጥ የነበረውን እንቁላል ሳያኝክ ቆሞ መጨረሻችን እስኪያልፍ ሲጠብቅ አይቻለሁ። ይህ በሰሌዳው ላይ የለም። የቦታ ጥበት እንደሆነ እረዳለሁ፤ ስለ አዲሱ የበርገር ሱቅ የተጻፈው ሰፊ ነው።

ሁለተኛ፤ በሰሌዳው መካከል ያለውን ትልቅ ፎቶግራፍ በተመለከተ። ላባ የተሰካበት ባርኔጣ ያደረጉ፣ በመስኮቱ አጠገብ ቀጥ ብለው የተቀመጡ አንዲት ሴት ይታያሉ፤ ከሥር «ማንነታቸውን ደብቀው የተመገቡ ዝነኛ የፊልም ተዋናይት» ተብሎ ተጽፏል። ክቡር ሆይ፣ እኒህ የመንደራችን እትዬ ኤዳ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማረፊያው በተከፈተ ሰሞን ከመንደራችን በስተጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ ላይ «አገልግሎት» የሚል ሰማያዊ ምልክት ከነቀስቱ ተተከለ። ይህ ቃል እስከዚያ ድረስ በእኛ ዘንድ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው፤ የእሁድ የጸሎት አገልግሎት። የፈረሰው የጸሎት ቤት እትዬ ኤዳ የሚጸልዩበት ነበር፤ ምትክ ይሠራላችኋል ተብለውም ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያው እሁድ የመዝሙር መጽሐፋቸውን በብብታቸው ይዘው፣ የወንድማቸውን ልጅ ቤሪልን አስከትለው፣ ቀስቱን ተከትለው ድልድዩ ላይ ወጡ። ከመመገቢያው ባንኮኒ ጀርባ የወረቀት ቆብ ያደረገ አርኖልድ ሰግደን የሚባል ወጣት ወጥ ቤት ቆሞ ነበር።

«አገልግሎቱ ስንት ሰዓት ይጀምራል፣ ልጄ?»

«ቀኑን ሙሉ ነው እማማ። ከፈለጉ ከእንቁላል ጋር።»

«የሚመራውስ ማነው?»

«ዛሬ እኔ ነኝ። ዋናውን ሰውዬ ትንሽ አሟቸዋል።»

እትዬ ኤዳ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ከድልድዩ ሥር የሚከንፈውን መኪና ረጅም ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ «ምእመኑስ ብዙ ነው፤ ግን አንድም የሚገባ የለም» አሉ። ቤሪል ሳቋን መያዝ አቅቷት ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። አርኖልድም ሰሐኗ ላይ ያልታዘዘ የተጠበሰ ድንች ጨመረላት፤ በሚቀጥለው እሁድም እንደዚያው፤ ከዚያም ተጋቡ። ፎቶግራፉን ያነሳው የዚያን ዕለት የመጣ የአካባቢው ጋዜጣ ሰው ነው። እትዬ ኤዳ ሲኒማ ቤት በር ረግጠው አያውቁም፤ የሲኦል ሳሎን ነው ይሉ ነበር። በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ ድርጅትዎን ይከሱት ነበር፤ ከዚያ በፊት ግን መስታወት ፊት ጥቂት ይቆሙ ነበር።

ሦስተኛ፤ ሻይ። ሰሌዳው «ዘወትር ለጥራት የቆምን» ይላል። ቀድሞ ሻይ በማንቆርቆሪያ፣ ወተቱ ለብቻው ይመጣልን ነበር። አሁን ለብ ያለ ውሃና ክር ያለው ከረጢት በወረቀት ኩባያ ተሰጥቶን የቀረውን ራሳችን እንድንሠራ ታምነናል። ስለ እምነቱ እናመሰግናለን።

አራተኛ፤ የጻፍሁበት ዋና ምክንያት ይህ ነው። የሰሌዳው ርዕስ «ሰዎችን ያገናኘ ድልድይ» ነው፤ ማማሩስ ያምራል። ሆኖም ለጊዜው በድልድዩ መግቢያ ግድግዳ ላይ ለምን ተደግፎ እንደቆመ ስላልገባኝ አናጢውን ጠየቅሁት። ምስኪኑ ዐይኔን ማየት አፍሮ «እማማ፣ ይሄ እኮ በሩ ላይ ነው የሚገጠመው። ወሩ ሲያልቅ ድልድዩ ይዘጋል፤ ላዩ ትልቅ የማስታወቂያ ስክሪን ይሆናል። እናንተ ሳትሰሙ?» አለኝ። አልሰማንም። ስለ ድልድዩ የሚተርከው ሰሌዳ ድልድዩን የሚዘጋው ሳንቃ ራሱ መሆኑን ስረዳ፣ ለቁጠባችሁ ያለኝ አድናቆት ወሰን አጣ።

ቤሪል እግሯ አልታዘዝ ካላት ወዲህ የምትኖረው በምሥራቅ በኩል፣ የድሮ ትምህርት ቤታችን በነበረው የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው። አርኖልድ በምዕራብ በኩል በቤታቸው ቀርቷል። ዐይኑ ስለደከመ መንጃ ፈቃዱን ማንም ሳይጠይቀው መልሷል። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ቅቤ የተቀባ የዘቢብ ዳቦ በኮቱ ኪስ ይዞ፣ የድልድዩን መደገፊያ ብረት በእጁ እየዳበሰ ይሻገርና አብረው ይበላሉ። ወጥ ቤት ሆኖ ሳለ ትዳሩን ያገኘበት ድልድይ ነው፤ አሁን ሚስቱን የሚያገኝበት ሌላ መንገድ የለውም። ይህንኑ ለመሥሪያ ቤትዎ በትሕትና ባመለክት፣ «ደንበኛው በመኪናቸው እስከሚቀጥለው መውጫ ነድተው መመለስ ይችላሉ» የሚል ፈጣን መልስ ደርሶኛል። ለፍጥነቱ አመሰግናለሁ። ለአርኖልድ አነበብሁለት፤ «መልካም ሰዎች ናቸው፤ ገና እንደምነዳ አስበዋል» አለ።

እዚህ ላይ ትሕትናዬ ትንሽ አለቀብኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ተናድጃለሁ፤ አዝኛለሁም። ድንቹን ወሰዳችሁ፣ ዝም አልን። የጸሎት ቤቱን ወሰዳችሁ፣ እንቁላል በላን። ማንቆርቆሪያውን ወሰዳችሁ፣ አጉረመረምንና በወረቀት ጠጣን። ይህንን ግን አትውሰዱ። ሰሌዳውን ከነስሕተቱ፣ ከነተዋናይቱ፣ የፈለጋችሁት ግድግዳ ላይ ስቀሉት፤ መጥተንም እናጨበጭብላችኋለን። በሩን ብቻ ተዉልን።

ለስልሳ ዓመት ያህል በመካከላችን ላለፋችሁት፣ አንዳንድ ጊዜም ፍጥነታችሁን ቀንሳችሁ ለተመለከታችሁን፣ ታሪካችንንም በማናውቀው መልኩ ላሳወቃችሁን ሁሉ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን እያቀረብሁ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ትኩስ ሻይ፣ እንዲሁም ሊያዩት የሚወዱትን ሰው እግዚአብሔር ከእርስዎ በኩል ባለው ዳር እንዲያደርግልዎ እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ኢኒድ ሆልሮይድ
የሃርስክሊፍ መንደር አዳራሽ ኮሚቴ ጸሐፊ፣ ምዕራብ ዳር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማክሰኞ ዕለት አርኖልድን ከመንገዱ አጥር ሥር ቆሞ፣ ወደ መኖሪያው መስኮቶች አቅጣጫ እጁን ሲያወዛውዝ አገኘሁት። ድልድዩ ከተዘጋ በኋላ እንዴት እንደሚሆን ከወዲሁ እየሞከረ ነበር። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ሰላምታው ለራሱ መስሎት ጥሩምባውን ነፋለት። «ኢኒድ፣ አንቺ ዐይንሽ ደህና ነው፤ ቤሪል እጇን አነሳች?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ከጭነት መኪናዎቹ ጎን በቀር ያየሁት ነገር አልነበረም። «አዎ፣ አነሳች» አልሁት። በዚህ ማረፊያ ታሪክ ውስጥ ከድርጅትዎ ውጭ የሆነ ሰው የተናገረው የመጀመሪያው ሐሰት ይኸው ነውና፣ ሰሌዳው ላይ ይጨምሩልኝ።