በስሏል የተባለው አፈር

ለእትዬ ዋንዳ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ፣ ደረጃ ስትወጪ መጠዝጠዙን ተወልሽ? የቨርን ደም ግፊትስ ወረደ ወይስ አሁንም ተደብቆ ጨው ይነሰንሳል? አላስካ በረዶው ቀድሞ ጀመረ ሲሉ ሰምቼ የቤታችሁን ጣሪያ አሰብኩ። ዳርሊንም እኔም በአካል ደህና ነን። ልጃችን ኬልሲ የእርግዝናዋን አራተኛ ወር ጨርሳለች። የምጽፍልሽም ስለ እሷ ነው። ያልደወልኩት ድምፅሽን ከሰማሁ የምለው ስለሚጠፋብኝ ነው። እዚህ ግን በተራ አስቀምጠዋለሁ።

አንደኛ፣ የባልዲው ነገር። አምና በመኸር ዘጠኝ ቤት ሆነን፣ ለድመቶቻችን መጸዳጃ የምንገዛውን አሸዋ ትተን ለምድጃ የሚሸጠውን የተጨመቀ ሰጋቱራ መጠቀም እንደጀመርን ታውቂያለሽ። አሸዋው ከመሬት ተቆፍሮ ይወጣል፣ ይቆሽሻል፣ ተመልሶ ይቀበራል፤ ሰጋቱራው ግን አፈር ይሆናል እያልኩ በየቤቱ የዞርኩት እኔ ነኝ። አምስት ድመት ያላቸው ጎረቤታችን ሚስስ ፔልኪ እንኳ «ራስል፣ ለድመት ሽንት የምትጨነቀውን ግማሹን ለፀጉርህ ብትጨነቅ ኖሮ አትመለጥም ነበር» ብለው ስቀውብኝ ነው የገቡት።

ሁለተኛ፣ ዴል። ወንድማችን ፒክአፕ ስላለው በየቅዳሜው የቆሸሸው ሰጋቱራ የሞላበትን ባልዲ እየሰበሰበ ተራራውን ተሻግሮ ቆሻሻ አብስሎ አፈር የሚያደርገው ትልቁ የኮምፖስት ጣቢያ ሊያደርስ ቃል ገባ። የድመት ዓይነ ምድር እንደ ላም እበት አይደለም፤ በደንብ ካልጋለ በውስጡ ያለው በሽታ አይሞትም። ጣቢያው ደግሞ በትልቅ ሙቀት ነው የሚያበስለው። በየሳምንቱ «ደረሰ?» እለዋለሁ፣ «ደረሰ» ይለኛል፣ ደብተሬ ላይ ምልክት አደርጋለሁ።

ኤፕሪል ላይ ስድስት በርሜል ጥቁር አፈር ከዚያው ከጣቢያው ነው ብሎ አመጣልኝ። በስሏል ወይ ስለው በስሏል አለኝ። አመስግኜው ካሮቱና ሰላጣው መደብ ላይ በተንኩት። ኬልሲን ታውቂያታለሽ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ካሮት ከመሬት ነቅላ፣ በሱሪዋ ጠረግ አድርጋ ነው የምትበላው። ዘንድሮ ማቅለሽለሹ ሲብስባት ሌላ ምግብ አልወርድ ስላላት በጋውን ሙሉ በዚያ ከረመች። ብዪ፣ ብዪ ያልኳትም እኔው ነኝ።

በዚህ ሳምንት ማክሰኞ መደቡን ስቆፍር ድቡልቡል ሰጋቱራ አገኘሁ። ስሰብረው የድመት ሽንት ሸተተኝ። ሌላ ቆፈርኩ፣ እሱም ያው። ገብቼ ጣቢያው ደወልኩ። ያነሳችው ሴትዮ በትህትና የድመት ቆሻሻ ተቀብለን አናውቅም፣ አምና አንድ ሰውዬ በፒክአፕ አምጥቶ መልሰነዋል አለችኝ።

ዴል ቤት ሄድኩ። የባልዲው ቆሻሻ ሁሉ ከጎተራው ጀርባ ተከምሯል፣ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። አልካደም። በመለሱት ቀን ሊነግረኝ መጥቶ ኖሯል፤ ግን እኔ የሰፈር ስብሰባ ላይ የባልዲውን ዝርዝር ከደብተሬ እያነበብኩ፣ ሰው ሲያጨበጭብልኝ አየና አፉ ተያዘ።

«በስሏል ያልኩህ እኮ ሲጨስ አይቼ ነው» አለኝ። «ክረምቱን ሙሉ እንፋሎት ሲወጣው ነበር። በረዶ እንኳ አልያዘበትም። ከዚህ በላይ መብሰል ምንድነው፣ ወንድሜ?»

ካሮቱን ኬልሲ እንደበላችው ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ነው ያቺን የተናገራት። «ዋንዳ ታውቃለች» አለ። «ለገና ነግሬያት ነበር። ተወው፣ ራስል አንዴ እንኳ ደስ ይበለው ብላኛለች።»

እትዬ፣ ከዴል ውሸት ይልቅ አንጀቴን የቆረጠው ይሄ ነው። እማማ ከሞተች በኋላ ያሳደግሽን አንቺ ነሽ። ዴል ይዋሻል፣ ከልጅነቱም ይዋሽ ነበር፤ ያኔም እውነቱን የማጣራው ካንቺ ነበር። ጁላይ ላይ በስልክ ዴል ስላመጣው አፈር አጫወትኩሽ፣ ኬልሲ ካሮት ብቻ እየበላች ነው አልኩሽ። ሳቅሽና ይስማማታል አልሽኝ። ያን ጊዜ ክምሩ ትዝ አላለሽም?

ሐሙስ ኬልሲን ክሊኒክ ወስጃት ለምርመራ ደም ሰጠች። ነርሷ ይሄ ከድመት የሚመጣ በሽታ ብዙ ሰው ይዞት ሳያውቀው ያልፋል፣ በእርግዝና ጊዜ አዲስ ከያዛት ግን ለልጁ ያሰጋል አለችን። የመጀመሪያው ውጤት ትናንት ደረሰ፤ ምንም አልተገኘም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ይደገማል። እስከዚያ እሷ እኔን ታጽናናለች። «አባዬ፣ አንተ ብታረግዝማ እናይህ ነበር» ትለኛለች።

ዴል ለሰው እንዳልነግርበት ለምኖኛል። አልሰማሁትም። ከዚያ አፈር ሌሎች ሁለት ቤቶችም ወስደዋል፤ ነገ ስብሰባው ላይ ቆሜ እናገራለሁ። አንድ ቅዳሜ እንኳ አብሬው አለመሄዴንም እናገራለሁ። ሰጋቱራውን አንተወውም፤ የቆሸሸው ግን ታስሮ ከሌላው ቆሻሻ ጋር ይወጣል። ያንቺን ስም እዚያ አላነሳም።

አንቺ ማወቅሽን ለኬልሲም አልነገርኳትም። ልጇ ሴት ከሆነች ዋንዳ ልትላት አስባለች፤ ላንቺ ድንገት ልትነግርሽ ደብቃው ነበር። ስሙን ከማውጣቷ በፊት ደውይላትና ራስሽ ንገሪያት። ከኔ አፍ እንድትሰማው አልፈልግም።

ለቨርን ሰላም በይልኝ፣ ጨውን ይተው። ለአማትሽ ለሚስስ አይሪን፣ ለኮልተን፣ ለሚስቱም ሰላምታዬ ይድረስ። ዳርሊን ሁላችሁንም ሰላም ብላለች፤ ላንቺ ግን ለብቻ ምንም አላለችም።

ወንድምሽ ራስል
ሃርሎ ሚልስ፣ ቬርሞንት
ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን 2019